በኮረብታው ላይ የተከልኳቸው ሦስት ችካሎች

ነገሩ የሆነው የዛሬ ሦስት ዓመት፣ በጥቅምት ወር፣ እዚሁ ደባርቅ ነው። እኔ ብዙ ነገር እረሳለሁ። የባለቤቴን የልደት ቀን እረሳለሁ፣ የተጋባንበትን ቀን እረሳለሁ፣ አንድ ጊዜማ ጭንቅላቴን ፀጉር ቆራጭ ቤት ትቼው የወጣሁ ይመስለኛል። ይህን ግን ልረሳው አልቻልኩም። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሳስቅ ኖሬ፣ በአንድ ቀልድ አንድ ሰው የጎዳሁበት ቀን ስለሆነ ነው።

ዳባት ተወልጄ ያደግኩ፣ ደባርቅ የማስተምር የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ሃምሳ ዓመት በሬን እያንኳኳ ነው፤ እኔ ግን የለሁም እያልኩት እገኛለሁ። መምህራን ማረፊያ ክፍል ስገባ ሻይ የያዘ ሁሉ ብርጭቆውን ያስቀምጣል፤ ትን እንዳይለው። ከአፌ የሚወጣ ነገር ደግሞ አብጦ ነው የሚወጣው። አይጥ ካየሁ ከርከሮ አየሁ ብዬ ነው የማወራው፤ ሰሚውም እየቀነሰ ይሰማኛል። ተግባብተን እንኖራለን።

ቤት ስገባ ግን የሚሰማኝ የለም። ባለቤቴ ውባለም ነርስ ናት፤ ዝውውር አግኝታ ሁለቱን ልጆቻችንን ይዛ ባሕር ዳር ከሄደች ያኔ አራት ዓመት ሞልቷት ነበር። የእኔ የዝውውር ማመልከቻ ግን ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዞር ከእኔ የበለጠ አገር አየ። አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። ማታ ማታ ትደውላለች። «በላህ?» «በላሁ።» «ልጆቹ ተኝተዋል።» «እሺ።» ከዚያ ኔትወርኩ ይሄዳል፤ ወይም እንደሄደ እናስመስላለን። አንድ ማታ ለግድግዳው ቀልድ ነገርኩት። አልሳቀም። ድሮም ሰምቶታል።

በዚያው ሰሞን ቱሪስት የጠፋበት አንድ አስጎብኚ ካሜራውን ከነባለሦስት እግር ማቆሚያው ሸጠልኝ። ካሜራ ይዤ አላውቅም ነበር። የገዛሁት ከቤት መውጫ ምክንያት ፍለጋ ነው። ከከተማው ግማሽ ሰዓት የእግር መንገድ ወጣ ብሎ አንድ ኮረብታ አለ። ጧት ፀሐይ በስሜን ተራሮች ጀርባ ስትወጣ፣ ማታ ወደ ቆላው ስትጠልቅ፣ ሁለቱንም ከአንድ ቦታ ታያላችሁ። ጧት ከትምህርት ቤት በፊት እወጣለሁ፣ ማታ ከትምህርት ቤት በኋላ እወጣለሁ። የጥቅምት ብርድ እንዴት ያለ መሰላችሁ! ብታስነጥሱ ማስነጠሱ በረዶ ሆኖ እግራችሁ ሥር ይወድቃል።

ብርሃኑ መጀመሪያ የተራራውን ጫፍ ይነካል፤ ከዚያ እንዳረፈደ ተማሪ እየተጎተተ ወደ ሸለቆው ይወርዳል። መጨረሻ ላይ እኔ ዘንድ ይደርሳል። ጣቶቼ ሞቅ ሲላቸው ካሜራውን እነካካለሁ። ማታ ደግሞ በተራው ከእኔ ይጀምርና ጫፉ ላይ ያልቃል። ጫፉ ከጠፋ በኋላም ቆሜ እቆያለሁ። ወደዚያች ክፍል ለመመለስ ማንም አይቸኩልም።

እንግዲህ የጂኦግራፊ መምህር ነኝና ፀሐይ የምትወጣበት ቦታ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ወደ ደቡብ ሲሸሽ ለተማሪዎቼ በፎቶ ላሳያቸው አሰብኩ። ለዚህ ካሜራው በየቀኑ እዚያው ቦታ ላይ መቆም አለበት። ስለዚህ ከተሰበረ ወንበር እግር ሦስት ችካል ጠረብኩ። ሣር ውስጥ እንዳይጠፉብኝ ከትምህርት ቤቱ በር በተረፈ ቀይ ቀለም ቀባኋቸው። ለእያንዳንዱ የማቆሚያው እግር አንድ አንድ ችካል፣ ኮረብታው ላይ ተከልኩ። ከዚያ ያለፈ አላሰብኩም።

ከኮረብታው ሥር የገብስ ማሳ አለ። ከማሳው ዳር አንድ ቤት አለ። ባለቤቱ አያ ጫኔ ይባላሉ፤ ያኔ ስማቸውን አላውቅም ነበር። ሚስታቸው ሞተዋል፣ ወንዶች ልጆቻቸው ሥራ ፍለጋ ተበትነዋል፣ ሴት ልጃቸው አዲ አርቃይ አግብታለች። ይህንንም ያወቅኩት ኋላ ነው።

አንድ ማታ ካሜራዬን ችካሎቹ ላይ አቁሜ ጎንበስ ብዬ በአንድ ዓይኔ ሳይ፣ አንድ ሽማግሌ ዘንግ ይዘው ሽቅብ ወጡ። ጠጋ አላሉም፤ አሥር እርምጃ ያህል ራቅ ብለው ቆሙ።

«ጤና ይስጥልን።»

«አብሮ ይስጥልን አያ! ደህና ዋሉ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እናንተስ ደህና ናችሁ?»

ብቻዬን ነበርኩ። «እናንተ» ሲሉኝ ግን አራት አምስት ሰው አብሮኝ የቆመ መሰለኝና ደስ አለኝ። ደስ ሲለኝ ደግሞ አፌ ይከፈታል።

ማቆሚያውን አዩ፣ ቀይ ችካሎቹን አዩ፣ ከዚያ ቁልቁል ማሳቸውን አዩ።

«እንግዲህ... ምን ሊወጣበት ነው?»

ምንም አይወጣበትም፣ ፀሐይ ነው የማነሳው ብል ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ ነበር።

«ስታዲየም!» አልኳቸው።

«ምንድን ነው እሱ?»

«የኳስ ሜዳ ነዋ! ሰማንያ ሺህ ሰው የሚይዝ። ከጎንደር ይመጣል፣ ከመቀሌ ይመጣል፣ ከሱዳን ሳይቀር ይመጣል። ያችን የገብስ ማሳ ያዩዋታል? ጎሉ የሚቆመው እዚያ ላይ ነው።»

«ያቺማ የእኔ ናት።»

«እንግዲያው በረኛው እርስዎ ነዎት!»

እኔ ሳቅሁ። እሳቸውም በጋቢያቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው ፈገግ አሉ። ገብቷቸዋል ብዬ ቀጠልኩ።

«መቼ ነው ሥራው?» አሉ።

«ዶዘሩ ዳባት ደርሷል። ጎማው ተንፍሶ እንጂ እስካሁን ይገባ ነበር።»

ዶዘር ጎማ የለውም። እዚህ ላይማ ቀልድ መሆኑን ሕፃን ያውቀዋል ብዬ ነው።

«ገብሱ እስኪደርስ አይታገሡንም?»

«ኳስ ገብስ አይጠብቅም አያ!»

«እሺ» አሉ። «እግዜር ያውቃል።» እጅ ነስተው ወረዱ። በማግሥቱ መምህራን ማረፊያ ውስጥ ታሪኩን ተነሥቼ እየተወንኩ ተረክሁት። ሰማንያ ሺው በእኔ አፍ መቶ ሃምሳ ሺህ ሆነ። ሁለት ሰው ትን አለው።

ከዚያ ሦስት ቀን የፈተና ወረቀት ሳርም ኮረብታው ላይ አልወጣሁም። በአራተኛው ቀን፣ ዓርብ ማታ፣ ወጣሁ። እንደዚያ ያለ ብርሃን አይቼ አላውቅም። ደመናው ከሥር ተከፍቶ ፀሐይዋ በዚያ ቀዳዳ ወርቅ ታፈሳለች። ቁልቁል ሳይ አያ ጫኔ ማሳቸው ውስጥ ናቸው። ጎንበስ ብለው ያጭዳሉ። ብቻቸውን። ጥላቸው ከእግራቸው ተነሥቶ ማሳውን አቋርጦ እስከ ኮረብታው ግርጌ ተዘርግቷል። ማጭዱ በዞረ ቁጥር ብልጭ ይላል። የገብሱ ፂም አንድ በአንድ እሳት የተያያዘ ይመስላል።

ስድሳ ያህል ፎቶ አነሣሁ።  ከመካከላቸው አንዱ በሕይወቴ ካነሣሁት ሁሉ የሚበልጥ ነው፤ ዛሬም ይበልጣል። እዚያው ቆሜ ፎቶውን ከካሜራው ስክሪን ላይ በስልኬ አንስቼ ለውባለም ላክሁላት። ትገረማለች ብዬ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ከ«በላህ» ሌላ የምንነጋገርበት ነገር እንዲኖረን ነው።

ቤት ሳልደርስ ደወለች።

«ያ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው?»

«ምን ሆነ? አያምርም?»

«ማማሩን ተወው። ገብሱ እኮ ገና ነው! ዛላው ቀጥ ብሎ ቆሞ አታይም? የደረሰ ገብስ አንገቱን ይደፋል።» እሷ ያደገችው ገበሬ ቤት ነው። እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፤ ገብስ የማውቀው በበሶ ነው። «ደግሞ ብቻውን! እንዲህ ያለ ማሳ ብቻውን የሚያጭድ ማን ነው? ደቦ የለውም? ጎረቤት የለውም? አንድ የደረሰበት ነገርማ አለ።»

መንገድ ላይ ቆምኩ።

«ሰማኸኝ?» አለች።

«ሰማሁሽ።»

«ምነው ዝም አልክ? አንተ ዝም ስትል ያስፈራል።»

ነገርኳት። ስታዲየሙን፣ በረኛውን፣ ዶዘሩን። አልሳቀችም። «ነገ ጧት ሳይነጋ ሂድ» አለችኝና ዘጋችው። ኔትወርኩ አልነበረም፤ ራሷ ነች የዘጋችው።

ቅዳሜ ጧት ወደ ኮረብታው ሳይሆን በቀጥታ ወደ ማሳው ሄድኩ። ውርጩ ገና አልሟሟም። አያ ጫኔ ቀድመውኝ እያጨዱ ነው። ከማሳው ከግማሽ በላይ ተነሥቷል። የታጨደው ተከምሯል፤ አረንጓዴ ነው። እንደኔ ያለ የገብስ መሃይም እንኳ ሲቀርበው ያየዋል።

«አያ፣ ይተዉ! ይተዉት ይበቃል!»

ቀና አሉ። ማጭዱን ይዘው ወደ መንገዱ አዩ።

«ዶዘሩ ደረሰ?»

ነዶውን ዘልዬ ወደ እሳቸው ተጠጋሁ። 

«ዶዘር የለም አያ። ስታዲየምም የለም። ቀልዴን ነበር።»

«ችካሉስ?»

«የካሜራዬ ነው። ፀሐይ ፎቶ የማነሣበት።»

«እናንተ ከማዘጋጃ ቤት አይደላችሁም?»

«አስተማሪ ነኝ።»

ያልገባቸው መሰለኝ። ካሜራውን ከቦርሳዬ አውጥቼ አሳየኋቸው፤ የቅዳሜን ፀሐይ፣ የእሑድን ፀሐይ፣ የሰኞን። ዓይናቸውን አጥብበው እያንዳንዷን አዩ።

«ሁሉም ፀሐይ ናት» አሉ።

«አዎ።»

«ነገ የማትወጣ መስሎህ ነው?»

ከ«እናንተ» ወደ «አንተ» ወረድኩ። የሚገባኝ ነበር። ጣቴ ሳላስበው ቀጣዩን ፎቶ ነካው፤ የትናንቱ መጣ። ራሳቸው፣ ጎንበስ እንዳሉ፣ በወርቅ መካከል። ልደብቀው ፈለግሁ፤ እጄን ያዙት። ረዥም ጊዜ አዩት።

«ይሄ እኔ ነኝ?»

«አዎ አያ።»

«ያምራል» አሉ። «ሰርግ ይመስላል።»

ነዶው ላይ ተቀመጡ። ማጭዱን ከጎናቸው አስቀመጡ። የወንድማቸው ማሳ ላይ እንደ እኔው ያለ የቀያሾች ባለሦስት እግር ቆሞ እንደነበር ነገሩኝ። ቀይ ችካል ተተክሎ፣ ኋላ መንገድ ወጣበት። «መንገዱ ደግ ነው፤ አልጠላውም። እህሉ ግን ሳይነሣ አፈር ገባ። እኔም ዶዘር ከሚበላው ከብቶቼ ይብሉት ብዬ ነው።»

«ለጎረቤት ለምን አልነገሩም? ደቦ ለምን አልጠሩም?»

«ምን ብዬ ልጥራ? ያልደረሰ ገብስ እጨዱልኝ ልበል? አብዷል ይሉኛል። መሬቱ ሊሄድ ነው ብላቸው ደግሞ እነሱም ማጭድ ያነሣሉ። ያንተ ዶዘር የእኔን ብቻ ይብላ አልኩ።»

  የጎደለውን እህል ገዝቼ እሞላለሁ አልኩ።

«ትሞላለህ» አሉ። «የገዛኸው ግን ሌላ ሰው የዘራው ነው።»

«ይቅር ይበሉኝ አያ።»

«ይቅርታውን እግዜርን ጠይቀው። የዝንጀሮው ጣጣ ግን የእኔ ነው። ሳጭድ የሚጠብቅ ጠፍቶ በገደሉ በኩል ያለውን ጭላዳ ጨርሶታል። ጧትና ማታ እዚያ ላይ ቆመህ ፀሐይ የምትጠብቅ ከሆነ የቀረችውንም ገብስ ጠብቅልኝ።»

ወንጭፍ ሰጡኝ። የመጀመሪያው ድንጋይ ወደ ኋላ ሄዶ የራሴን ማቆሚያ መታው። ጭላዶቹ ቁጭ ብለው አዩኝ፤ አንዱ ሽማግሌ ጭላዳ ለሌላው ሲያማኝ በዓይኔ አይቻለሁ። በሳምንቱ ግን ድንጋዬ ወደ ፊት መሄድ ጀመረ። ችካሎቹን ነቅዬ ጣልኳቸው፤ ለተማሪዎቼ ያሰብኩት ፎቶም በዚያው ቀረ። አንድ ወር ገደማ ጧትና ማታ ጮህኩ፣ ወነጨፍኩ። ከቁራጭ ማሳ ጋር እንደዚያ ተጣብቄ አላውቅም።

አንዳንድ ማታ አያ ጫኔ ከታጨደው እሸት እንኩቶ ጠብሰው፣ በጋቢያቸው ይዘው ይወጣሉ። እጃችን ጥላሸት እስኪመስል እያሸን እንበላለን። ብዙ አያወሩም። እኔ ልቀልድ አፌን እከፍትና እዘጋዋለሁ። ፀሐይዋ ስትጠልቅ እናያለን። «ዛሬስ አታነሣትም?» ይሉኛል። አላነሣሁም። ሲመሽ እሳቸው ወደ ባዶ ቤታቸው፣ እኔ ወደ ባዶ ክፍሌ።

በኅዳር መጨረሻ የቀረው ገብስ አንገቱን ደፋ። ደቦ ተጠራ፤ ሃያ ሰው መጣ። ወሬው ተዳርሷል።

«ኢንጂነሩ መጣ!» አለ አንዱ ገና ሲያየኝ። «ትኬቱን እዚሁ ነው የምትቆርጥልን?»

«ዝም በሉት» አለ ሌላው። «የዶዘሩን ጎማ እያስነፋ አርፍዶ ነው!»

«አያ ጫኔ፣ ጎልዎን ይጠብቁ! ይሄ ሰው ሲያጭድ ወደየት እንደሚመታ አይታወቅም!»

አያ ጫኔ ሳቁ። አፋቸውን አልሸፈኑም። የጎደሉት ጥርሶቻቸው ሳይቀር ታዩ፣ ዓይናቸው አለቀሰ። ያኔ ነው ኮረብታው ላይ ያን ማታ ያየሁት ሳቅ እንዳልነበረ ያወቅኩት። ሹም ፊት የቆመ ሰው ፍርሃቱን ሲደብቅ ነበር።

ግን ማሳው ትንሽ ነበር። ዘፈን አውጪው ገና ድምፁ ሳይከፈት፣ ተቀባዮቹ ገና ሳይሞቁ፣ አጭደን ጨረስን። ሃያ ሰው ማጭዱን ይዞ ቆመ። ሌላ ጊዜ እስከ ማታ የሚዘፈንበት ማሳ ነው። አንዱ፣ «በቃ?» አለ። 

የራሳቸው እህል እስከ ሚያዝያ ነው የቆየው። እኔ ያመጣሁትን ተቀብለዋል፤ አላሳፈሩኝም። ልጃቸው ግን ከአዲ አርቃይ መጥታ ጎተራውን ከፍታ አየች። «ከእንግዲህ ብቻህን አትቀመጥም» አለቻቸው። ከዓመታት ጀምሮ እየለመነቻቸው፣ እሳቸው እምቢ እያሉ ነበር። በዚያ ዓመት እምቢ የሚሉበት ገብስ አልነበራቸውም።

መናኸሪያ ድረስ ዕቃ ይዤ ሸኘኋቸው። መሬቱን ለጎረቤት ለእኩል፣ ምርቱን ለሁለት ሊካፈሉ፣ ሰጥተውታል። አውቶቡሱ ውስጥ በመስኮት በኩል ተቀምጠው፣ «ቆላው ይሞቃል ይላሉ» አሉ።  አውቶቡሱ ወደ ሊማሊሞ ሲታጠፍ አየሁት።

እኔም አሁንም እዚሁ ነኝ። ማመልከቻዬም ገና እየዞረ ነው። ያን ፎቶ ለማንም አላሳይም። ውባለም አንድ ጊዜ አሳጥበን እንስቀለው ወይ ብላኝ፣ ወዲያው ራሷ፣ «ተወው» አለች። ከዚያ ጊዜ ወዲህ ግን ስትደውል ረዘም ታደርገዋለች። መቀለዴንም አልተውኩም፤ ብተው ሟች ነኝ። ቀልዴን ከጨረስኩ በኋላ ግን ሰውየው መሳቁን ጠጋ ብዬ አያለሁ። ካልሳቀ እጁን ይዤ ውሸቴን ነው እላለሁ። መምህራኑ አርጅቷል ይሉኛል።

እሑድ እሑድ በልጃቸው ስልክ ለአያ ጫኔ እደውላለሁ። ሰላምታችን ያልቅና አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁኛል።

«ገብሷ እንዴት ናት?»

መጀመሪያ ሰሞን ፎቶ ልላክልዎት ብያቸው ነበር።

«ፎቶ ይቅርብኝ» አሉ። «ያንተ ፎቶ ሁሉን ያሳምራል። ሂድና እያት፣ በአፍህ ንገረኝ።»

ስለዚህ እሑድ ጧት ማሳው ዳር ወርጄ፣ ጎንበስ ብዬ፣ በእጄ እሰፍራታለሁ። ባለፈው እሑድ ሦስት ስንዝር ከአራት ጣት ነበረች፤ በገደሉ በኩል ትንሽ ቢጫ አላት። እንዲያ ብዬ ነገርኳቸው። አንዲት ጣት አልጨመርኩም።